ኮሶና ሰሎሞን፦ የዐፄ ቴዎድሮስ የትውልድ ሐረግ እንደ ርስት ሙግት

በ1856 ዓ.ም. ጎንደር ላይ በሚሲዮናዊው ሄንሪ ስተርን ላይ ከተቆጠሩት ጥፋቶች አንዱ የአንዲትን እናት መተዳደሪያ የሚመለከት ነበር። ስተርን እ.ኤ.አ. በ1862 ለንደን ላይ ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ የዐፄ ቴዎድሮስ እናት በችግራቸው ዘመን ኮሶ ሸጠው ይተዳደሩ ነበር የሚለውን ወሬ አስፍሯል። በ1856 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ለስንብት ንጉሠ ነገሥቱ ፊት ቀርቦ እስኪዘረር ተደበደበ፤ አብረውት የተደበደቡት ሁለት አሽከሮቹ ሞቱ። ኋላ ወረቀቶቹ ተበረበሩ፤ ንጉሡን ያዋረደበት ጽሑፍ እየተፈለገ በጉባኤ ፊት ተነበበበት።

የጊዜው አውሮፓውያን ጸሐፍት ይህን ጉዳይ የአንድ ግልፍተኛ ንጉሥ ኩርፊያ አድርገው አልፈውታል። ከእነሱ የወረስነውም የታሪክ አጻጻፍ ቢሆን የኮሶውን ነገር ከወግ ሳያሳልፍ ቆይቷል። ድብደባውንና የሁለቱን አሽከሮች ሞት የሚያስተባብል ነገር የለም። ክሱ ግን በራሱ ቦታ ሲታይ ተራ ቁጣ አልነበረም። ዙፋን በዘር በሚጠየቅበት አገር የንጉሥን እናት ከገበያ ማስቀመጥ ንጉሡ የያዘውን ያለ መብት ይዟል ብሎ እንደ መመስከር ይቆጠራል። ስተርን የአገር ቤት ወሬ የጻፈ መስሎት፣ ሳያውቀው በአንድ የቆየ ሙግት ውስጥ የባላጋራ ምስክር ሆኖ ተገኘ። የቴዎድሮስን የትውልድ ሐረግ ለመረዳት የሚያስፈልገን ማን ከማን ተወለደ የሚለው ዝርዝር ብቻ አይደለም፤ ዝርዝሩ መቼ፣ በማን ፊት፣ ምን ለማስፈረድ እንደቀረበም ማየት አለብን።

ስድቡ የተሰነዘረበት ዕቃ ራሱ ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። ኮሶ በደጋ የሚበቅል ዛፍ ነው። እንደ ዘለላ የሚንዠረገገው የሴቴው ዛፍ ቀላ ያለ አበባ ደርቆ ይወቀጣል፤ በውኃ ወይም በጠላ ተበጥብጦ በማለዳ በባዶ ሆድ ይጠጣል። ጥሬ ሥጋ በሚበላበት አገር የኮሶ ትል ያልያዘው ሰው ብርቅ ስለነበር ጌታውም ሎሌውም በየሁለት ወሩ ገደማ ይጠጣው ነበር። ትልቅ ሰው ያን ቀን ኮሶ ጠጥቷል ከተባለ እንግዳ ባለመቀበሉ የሚቀየም አልነበረም። መድኃኒቱን መጠጣት ስለዚህ ማንንም አያሳፍርም። የሚያሳፍረው ሸጦ ማደር ነው። የመኳንንት ወገን ከርስቱና ከጉልቱ ይበላል እንጂ ገበያ አይቀመጥም፤ ገበያ ከተቀመጠ ደግሞ የሌላውን ሆድ ማጠቢያ ይዞ መቀመጥ የመጨረሻው ደረጃ ነው። ስድቡ አንድን ሴት በድህነቷ የሚነካ ይምሰል እንጂ፣ ዒላማው ልጇ ከየትኛውም ጉልት ጋር የሚያገናኘው ክር ተበጥሷል ማለት ነው።

ቴዎድሮስም፣ ከመንገሡ በፊት በነበረው ስሙ ካሣ፣ የተረዳው እንደዚሁ ነው። ገና በሽፍትነት ዘመኑ ደምቢያንና ቋራን ከያዙት ከእቴጌ መነን ጋር ሲዋጋ፣ ደጃዝማች ወንድይራድ የሚባል የእቴጌዪቱ የጦር አበጋዝ የኮሶ ሻጭ ልጅ ይዤ እመጣለሁ ብሎ በአዳራሽ እንደፎከረ ይነገራል። ጦርነቱ ዞሮበት ራሱ ተማረከ። ካሣም እናቴ ዛሬ ኮሶዋ ስላልተሸጠላት እናንተ ጠጡላት ብሎ ለምርኮኛውና ለጓደኞቹ ኮሶ አስቀዳላቸው ይባላል። ወጉ ስንዝር ያህል ተጋንኖ ቢሆን እንኳ አንድ ነገር ግልጽ ያደርጋል። ካሣ በዚያን ጊዜ ስድቡን አላስተባበለም፤ እናቴ እመቤት ናት ብሎም አልተሟገተም። ያሸነፈ ሰው ስለሆነ ስድቡን በተሳዳቢው ጉሮሮ መልሶ አወረደው። ከ16 ዓመት ገደማ በኋላ ያንኑ ነገር ስተርን ሲጽፈው ግን በቀልድ አላለፉትም፤ በመካከሉ ዘውድ ደፍተዋልና።

ስለ ትውልዱ በአንጻራዊነት የተረጋገጠው ነገር ብዙ አይደለም፤ ያለው ግን በቂ ነው። ካሣ በ1811 ዓ.ም. ግድም ተወለደ። አባቱ ኃይሉ ወልደ ጊዮርጊስ የቋራ ገዥ ቤት ሰው ነበሩ፤ እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ ወንድበወሰን ናቸው። ልጁ ሕፃን ሳለ ወላጆቹ ተለያዩ፤ እናትም ወደ ጎንደር መጡ። የኮሶው ታሪክ ከዚህ የችግር ዘመን ጋር የተያያዘ ነው። በአባቱ ወገን ያሉት ዘመዶች ግን ችግረኞች አልነበሩም። የደምቢያው ደጃዝማች ማሩ በ1820 ዓ.ም. ኮሶ በር ላይ በጦርነት እስኪሞቱ ድረስ ከጎንደር ዙሪያ ኃያላን አንዱ ነበሩ። ደጃዝማች ክንፉ ኃይሉም በ1829 ዓ.ም. በሱዳን ወሰን ከግብፅ ጦር ጋር ተዋግተው ያሸነፉ ሰው ናቸው። ክንፉን አንዳንዱ ጸሐፊ የካሣ አጎት፣ አንዳንዱ በአባት የሚገናኝ ታላቅ ወንድም ይላቸዋል። የአባታቸው ስም ኃይሉ መሆኑ ሁለተኛውን ወገን ያጠናክራል፤ ለእኔም እሱ ይሻለኛል።

ከዚህ የሚወጣው ሥዕል ከሁለቱም ታዋቂ ትረካዎች ጋር አይገጥምም። ካሣ ከአፈር የተነሣ የድኻ ልጅ አይደለም፤ ሲጠበቅ የኖረ የዙፋን ወራሽም አይደለም። ከጠረፍ ገዥ ቤት የተወለደ፣ እናቱ ከአባቱ ቤት የወጣች፣ ድርሻው ያልተሰጠው ልጅ ነው። ክንፉ ሲሞቱ ደምቢያንና ቋራን እቴጌ መነን ወሰዱ፤ ካሣም ሸፈተ። ወደ ጫካ የሸኘው የአባቱ ወገን ያዝነው ያለው አገር በሌላ ሰው እጅ መግባቱ ነው። እዚህ ላይ ከሰሎሞን ይልቅ ቋራ ብዙ ይነግረናል። የጠረፍ ቤት ልጅ መሆኑ የግብፆችን ጦር በቅርብ እንዲያውቅ፣ በ1840 ዓ.ም. ደባርቂ ላይ በመድፍና በሥርዓት በቆመ እግረኛ እንዲሸነፍ፣ ከዚያም ዕድሜ ልኩን መድፍ መድፍ እንዲል አድርጎታል። ጋፋት ላይ የአውሮፓ እጅ ባለሙያዎችን ሰብስቦ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያስቀለጠ ሰው ሐሳቡን ያገኘው ከቋራ ቆላ እንጂ የነገሥታቱን ከሰሎሞን መወለድ ከሚተርከው ከክብረ ነገሥት አልነበረም።

ሆኖም የሰሎሞን ዘር ነኝ ማለት ነበረባቸው፤ አሉም። በአባታቸው በኩል ሲቆጠር በአንዲት ልዕልት አድርገው ከዐፄ ፋሲለደስ ይወርዳሉ ተባለ። ይህ እውነት ነው ወይስ ውሸት የሚለው ጥያቄ ብዙ ቀለም ፈጅቷል። ስቬን ሩበንሰን እ.ኤ.አ. በ1966 አዲስ አበባ ላይ ባሳተመው አጭር መጽሐፍና ሌሎችም ኋላ በጻፉት፣ ጉዳዩ ከወሬ ወደ ሰነድ ምርመራ ከፍ ብሏል። እኔ ግን ጥያቄው ራሱ የተጠየቀበት መንገድ የሚያራምድ አይመስለኝም።

በአማራው አገር ዘር በአባትም በእናትም ይቆጠራል። አለን ሆበን በጎጃም ደጋ ዳሞት ተቀምጦ የርስትን ሥርዓት ያጠናበትና እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣው መጽሐፉ ይህን ሥርዓት በሚገባ ያሳያል። አንድ ገበሬ በእናቱም በአባቱም፣ በሴት አያቱም በወንድ አያቱም በኩል የብዙ አቅኚ አባቶች ዘር ነው፤ ስለዚህ በወረቀት ቢሰላ እርሻው ከሚችለው በላይ ብዙ መሬት የመጠየቅ መብት አለው። ሁሉንም አይጠይቅም። የሚጠይቀው አዋቂ ሽማግሌ፣ ዘመድ፣ የዳኛ ፊትና ጉልበት ያገኘበትን ነው። ጥያቄውን ሲያሸንፍ ሐረጉ ይጠነክራል፣ ይጠራል፣ ለልጆቹ ይነገራል፤ ሲሸነፍ ወይም ሳይጠይቅ ሲቀር ሐረጉ በሁለት ትውልድ ውስጥ ይረሳል። የሐረጉ መታወስ የመሬቱ መያዝ ውጤት የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። እንዲህ ባለ አቆጣጠር ከፋሲል ጀምሮ ሁለት መቶ ዓመት ካለፈ በኋላ በጎንደር ዙሪያ ካሉ የመኳንንት ቤቶች ውስጥ በአንዲት ሴት በኩል ወደ ፋሲል የማይደርስ ማግኘት ይከብዳል። የቴዎድሮስ ጥያቄ ሐሰት ነው ማለት አያስፈልግም፤ ልዩ የሚያደርገው ነገር የለውም ማለት ይበቃል። መብቱ የብዙ ሰው ነበር፤ ሙግቱን ያቀረቡትና ያስፈረዱት ግን እሳቸው ናቸው።

የተቀሩት ተሟጋቾች እነማን ነበሩ? በዘመነ መሳፍንት፣ ማለትም ከ1761 ዓ.ም. ጀምሮ፣ በጎንደር የሚቀመጡት ነገሥታት ዘራቸውን ማንም አልተጠራጠረባቸውም፤ ሥልጣን ግን አልነበራቸውም። የየጁ ራሶች ሲያሻቸው ያነግሷቸዋል፣ ሲያሻቸው ያወርዷቸዋል። ከወሎ የመጡት መነን ሊበን አመዴ እቴጌ የተባሉት የስም ንጉሥ ከነበሩት ከዐፄ ዮሐንስ 3ኛ ጋር ተጋብተው ነው፤ ሥልጣኑ ግን የልጃቸው የየጁው ራስ ዓሊ ነበር። ዘሩ ያለው ጉልበት የለውም፣ ጉልበቱ ያለው ዘሩ የለውም፤ ሰማንያ ዓመት ያህል አገሪቱ በዚህ ዝግጅት ኖረች። ካሣ ሁለቱን በአንድ ሰው ላይ የገጠመ የመጀመሪያው ነው። ልብ እንበል፤ የጀመረው ከጉልበቱ በኩል ነው።

በመካከሉ ያለውን ክፍተት የሞላው ደግሞ ትንቢት ነው። በፍካሬ ኢየሱስ ከመከራ ዘመን በኋላ ቴዎድሮስ የተባለ ንጉሥ ተነሥቶ አገር በሰላም ይገዛል ተብሎ ይጠበቅ ነበር። ካሣ የካቲት 1847 ዓ.ም. ሲነግሥ ይህን ስም መረጠ። የምርጫውን ብልሃት ብዙዎች አይተዋል፤ ከዘር ሙግት ጋር ያለው ዝምድና ግን ያን ያህል አልተነገረለትም። ትንቢት የአባት ስም አይጠይቅም። የኮሶ ሻጭ ልጅም ቢሆን የተጠበቀው እሱ ከሆነ እሱ ነው። እንዲያውም ዝቅ ብሎ መነሣቱ ለተመረጠ ሰው ማስረጃ ይሆነዋል። በ1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ በጻፉት ደብዳቤ ውስጥ ሁለቱ ቋንቋዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፦ በአንድ በኩል የቀደሙት ነገሥታት አባቶቼ ናቸው ይላሉ፤ በሌላ በኩል እግዚአብሔር ከትቢያ አንሥቶ ለዚህ አበቃኝ ይላሉ። አባቶቹ ነገሥታት የሆኑለት ሰው ከትቢያ እንዴት ይነሣል? ሰዎች ይህን እንደ መጣረስ ያነቡታል። ለእኔ ግን ሁለት መከራከሪያ ያቀረበ ጠበቃ ይታየኛል፤ አንዱ ቢወድቅበት ሌላው ያቆመዋል።

ጋብቻዎቻቸውም የዚሁ ሙግት ሰነዶች ናቸው፤ የመጀመሪያው ግን ከሰነድነት አልፎ ፍቅር ሆነ። መነን ካሣን በጦር ማንበርከክ ሲያቅታቸው የራስ ዓሊን ልጅ ተዋበችን ዳሩለት። ሐሳቡ አማች አድርጎ ማሰር ነበር። ተዋበች ግን ከአባቷ ይልቅ ለባሏ ወገነች፤ ካሣም በ1845 ዓ.ም. ሰኔ ላይ አይሻል በተደረገው ጦርነት አማቱን ራስ ዓሊን ድል አድርጎ አባረረ። ተዋበች በ1850 ዓ.ም. ሞቱ። ከዚያ በኋላ የንጉሡ ጠባይ እንደከፋ የማይጽፍ ጸሐፊ የለም። ለዘር ሙግቱ ግን ተዋበች አንድ ነገር ሊሰጡ አይችሉም ነበር፤ የየጁ ቤት የሰሎሞን ቤት አልነበረምና።

ሁለተኛዋ ይህን ይዘው መጡ። ጥሩወርቅ የሰሜንና የትግሬ ገዥ የደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ልጅ ናቸው። ውቤ ራሳቸው የሰሎሞን ዘር ነን ከሚሉ ሰዎች ነበሩ፤ ደረስጌ ማርያምን ያሠሩትም ሊነግሡባት አስበው ነው ይባላል። ጳጳሱን አቡነ ሰላማን ከግብፅ ለማስመጣትም ዋናውን ወጪ የቻሉት እሳቸው ናቸው። ካሣ በዚያው በደረስጌ አጠገብ ድል አደረጋቸውና ከጥቂት ቀን በኋላ፣ ውቤ ለራሳቸው ባሠሯት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ውቤ ባስመጡት ጳጳስ እጅ፣ ዘውድ ደፋ። በኋላም አባትየው በእስር ላይ ሳሉ ልጃቸውን አገባ። ሙሉ ለሙሉ የተሸነፈ ተሟጋች ማለት ይህ ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑም፣ ጳጳሱም፣ ልጁም ለረቺው ዞሩ።

ጥሩወርቅ ግን እንደ ተረታ ወገን አልኖሩም። ንጉሡ ሲገቡ ዳዊት እየደገሙ ቆይተው አልነሣ አሉ፣ ምነው ሲባሉም ከሚበልጥ ንጉሥ ጋር እየተነጋገርኩ ነው ብለው መለሱ የሚል ወግ አለ። ትክክለኛው ቃል ይህ መሆኑን የሚያስረግጥ የለም፤ የወጉ ፍሬ ነገር ግን የታወቀ ነው። የደጃዝማች ውቤ ልጅ ባሏን በዘር እንደማይተካከላት ታየው ነበር። በጉባኤ ፊት ስተርንን መክሰስ ይቻላል፤ በመኝታ ቤት ያለውን ምስክር ግን ማን ይከሰዋል?

ከዚህ ጋብቻ በ1853 ዓ.ም. ዓለማየሁ ተወለደ። ቴዎድሮስ ከሌላ የተወለዱ ልጆች ነበሯቸው፤ ታላቁ መሸሻ፣ ሴቷም አልጣሽ ይባላሉ። አልጣሽን የዳሩት መቅደላ ላይ በግዞት ላደገው ለሸዋው ልጅ ለምኒልክ ነው። ይህም ጋብቻ በጥሞና ሊታይ ይገባዋል። የሸዋ ቤት የሰሎሞን ዘርነቱን ሲያስቆጥር የኖረ ቤት ነው፤ ቴዎድሮስ ያን ቤት ምርኮኛ አድርገው አማች አደረጉት። ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ ሲያመልጥ አልጣሽን ትቷት ሄደ። ሽሽቱን መሸሻ ረድቶታል መባሉ ደግሞ አባትና ልጅን የበለጠ አጣላ። ዘርን በጋብቻ ለመሰብሰብ የተሞከረው ሁሉ በሚስት ንቀት፣ በአማች ሽሽት፣ በልጅ ኩርፊያ ተበተነ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሲሞቱ ከሕጋዊ ሚስት የተወለደው ወራሽ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር።

ከዚያ የሆነው ለርዕሳችን ከማንኛውም የሐረግ ዝርዝር የበለጠ ይናገራል። መቅደላን የያዘው የእንግሊዝ ጦር ከዚያ ወራሹንም፣ የወራሽነት መጽሐፉንም ወሰደ። ቴዎድሮስ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ብለው ከጎንደርና ከሌላም ቦታ ካሰባሰቧቸው ብራናዎች ወደ 350 የሚሆኑት ለንደን ገቡ፤ ከእነሱ መካከል ክብረ ነገሥት ይገኝበታል። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ጥር 1864 ዓ.ም. አክሱም ላይ ነገሡ፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ መጽሐፉ እንዲመለስላቸው ለእንግሊዝ ጻፉ፤ ያለዚያ መጽሐፍ ሕዝቤ አይታዘዘኝም የሚል ነበር ምክንያታቸው። መጽሐፉ ተመለሰ። ከመቅደላ ከተወሰደው ሁሉ ያን ያህል በፍጥነት የተመለሰ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ልጁ ግን አልተመለሰም።

ሃያኛው ክፍለ ዘመን ሙግቱን በሌላ መንገድ ዘጋው። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በ2ኛ አንቀጹ የንጉሠ ነገሥቱ ዘር በሸዋው ንጉሥ በሣህለ ሥላሴ በኩል ሳይቋረጥ ከቀዳማዊ ምኒልክ ይወርዳል ብሎ ደነገገ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሣህለ ሥላሴ የሚወርዱት በአባታቸው እናት በወይዘሮ ተናኘወርቅ በኩል እንደሆነ የማያውቅ አልነበረም፤ በሴት መቁጠሩ ለአንዱ ሕገ መንግሥት ሲሆን ለሌላው ስድብ ሆኖ ቀረ። ሕገ መንግሥቱ ቴዎድሮስን በስም አያነሣም። ሳይቋረጥ የሚለው ቃል ካለ ግን የሚያቋርጥ ሰው መኖር አለበት።

ሥነ ጽሑፋችን የገባው በዚህ ቀዳዳ ነው። የግርማቸው ተክለ ሐዋርያት ተውኔት በ1942፣ የብርሃኑ ዘሪሁን «የቴዎድሮስ ዕንባ» በ1958፣ የአቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ» በ1961 ዓ.ም. ሲወጡ፣ በዘር ሳይሆን በሥራው የነገሠ ሰው መፃፍ ከዘውዱ ቤት ሳይጋጩ ዘውዱን መተቸት ነበር። በአቤ ርዕስ ላይ አባት አልተነሣም፤ እናት ናት የቀረችው። ውርደት የነበረው ኮሶ በዚህ ጊዜ ክብር ሆነ፤ ከአብዮቱ በኋላ ደግሞ የጭቁኑ ልጅ መታወቂያ ሆነ። ለእነዚህ ደራስያን ፍቅሬ ትልቅ ነው፤ ግን ለራሳቸው ሙግት ሲሉ ደጃዝማች ማሩንና ደጃዝማች ክንፉን ከቤተሰቡ ሳይሰርዙ እንዳደበዘዟቸው ማለፍ አይቻልም። ንጉሠ ነገሥቱ ያሳደዷቸው ምስክሮች የተናገሩትን እነሱ በአድናቆት ደገሙት። የቋራው ገዥ ቤት ግን በንጉሡም ዘመን ሆነ በደራስያኑ ጊዜ ጥሩ ጠበቃ አላገኘም።

ዓለማየሁን በተመለከተ ማን ዘመድ ነው የሚለው ጥያቄ አሁንም አልተዘጋም። እናቱ ጥሩወርቅ ከጦሩ ጋር ወደ ባሕሩ ሲጓዙ ትግራይ ውስጥ ሞቱ። ልጁን የእንግሊዙ መኮንን ካፒቴን ስፒዲ ይዞት ሄደ፤ ኋላም ቼልተንሃም፣ ራግቢና ሳንድኸርስት ተማረ። በ1872 ዓ.ም. ሊድስ አጠገብ በ18 ዓመቱ ሞተ፤ በንግሥት ቪክቶሪያ ፈቃድ ዊንዘር በሚገኘው በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ተቀበረ። አፅሙ እንዲመለስ በ1999 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ስም የጠየቁት ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ናቸው። የአባቱ የቴዎድሮስ ፀጉር ከለንደን የጦር ሙዚየም በ2011 ተመለሰ፤ በ2015 ዓ.ም. ግን የባኪንግሃም ቤተ መንግሥት የልጁን አፅም ማውጣት በአካባቢው የተቀበሩትን ሌሎች ሳይረብሹ የሚቻል አይደለም ብሎ መለሰ። ጠያቂው ዘውድ የሌለው ሪፐብሊክ ነው፤ ልጁን የሚጠይቀው በአባቱ ዙፋን ሳይሆን በአገር ስም ነው። መላሹ ደግሞ በዘር የሚወረስ ዘውድ አሁንም የያዘ ቤት ነው፤ መልሱም ደጋ ዳሞት ላይ መሬት ይዞ የቆየ ሰው ለዘመዱ ከሚሰጠው መልስ ብዙ የሚለይ አይደለም፦ የያዝኩትን እንዳልለቅ የሚያደርጉኝ ሌሎችም አሉ።